ማክዳራ የሌለበት ቤት

ፍሪማንትል፣ አውስትራሊያ
ማርች 3 ቀን 1987

ለተወደዱት አክስቴ ለባቢን፣

ከባሕር ማዶ የላክሁት ሰላምታ በሙሉ ጤና ያግኝዎት። ጉልበትዎ እንዴት ነው? አባባስ ደህና ናቸው? እኛ ጋ ሙቀቱ አላላውስ ብሎናል። አገር ቤት ማይኒሽ ላይ ያማረርኩትን ዝናብ ሁሉ አሁን ቢልኩልኝ በባልዲ እቀበላለሁ።

ወሬው ሳይደርስዎ አይቀርም፤ በጁላይ መጨረሻ ልጅ እንጠብቃለን። ባለቤቴ ሉካ ወንድ ነው ብሎ ይምላል፤ ከየት እንዳመጣው እንጃ። እንግዲህ ወንድ ከሆነ ማክዳራ ልለው አስቤያለሁ። ባሕር የወሰደው አጎቴ ስም ስለሆነ አባባ ደስ ይላቸዋል ብዬ በጃንዋሪ ጽፌ ጠይቄያቸው ነበር። ይኸው ሁለት ወር፣ መልስ የለም።

እዚህ ደግሞ ሙግት ገጥሞኛል። የሉካ እናት የሟች ባላቸውን ስም ይዘው ተቀምጠዋል፤ አንቴ ይባል ይላሉ። የመጀመሪያ ወንድ ልጅ የአባቱን አባት ስም ይወርሳል የሚለው ልማድ የእኛም ስለሆነ እንዲያው በባዶ ሜዳ አልረታቸውም። ሉካ ራሱ የጀልባ አናጢ ስለሆነ ሳይለካ አይቆርጥም። «ትርጉሙ ምንድነው? ከየት የመጣ ስም ነው? ስንት ሰው ይጠራበታል? ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ አይስቁበትም?» እያለ ነዘነዘኝ። እኔ ከምቀባጥር እርስዎ ይንገሩኝ። ግን ከሁሉ በፊት አባባ ምን እንዳሉ ይጻፉልኝ፤ ያለ እሳቸው ቃል አላወጣውም።

ወዳጅ ልጅዎ፣
ሶርካ

---

ማይኒሽ፣ ካርና
ማርች 24 ቀን 1987

ለልጄ ለሶርካ፣

እግዚአብሔርና እናቱ ካንቺም በሆድሽ ካለውም ጋር ይሁኑ። ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። ፖስተኛው ቴምብሩ ላይ ያለውን ካንጋሮ ለግማሽ መንደር ካሳየ በኋላ ነው የሰጠኝ። ጉልበቴን ለጠየቅሽው፣ ከኔ ቀድሞ ያረጀ ጉልበት ነው፤ እንተወው።

ባልሽ ጠያቂ ሰው ነው። አንቺን ሲያገባ ይህን ያህል ጠይቆ ነበር? በይ ንገሪው። ማክዳራ ማለት የዳራ ልጅ ማለት ነው። ዳራ ደግሞ ኦክ የሚባለው ጠንካራው ዛፍ ነው፤ እንግዲህ የኦክ ልጅ በይው። የስሙ ባለቤት ቅዱሱ ነው። ከኛ ወዲያ ባለችው ደሴት ላይ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያኑ እስከ ዛሬ ቆማለች። የራሱ ስም ሌላ ነበር፤ ቀበሮ ማለት ነው ይላሉ። ዓሣ አጥማጅ ደግሞ ባሕር ላይ ቀበሮ አይጠራም፣ ገድ የለውም። ስለዚህ በአባቱ ስም ሲጠሩት ሲጠሩት የራሱ ተረሳ። ሽማግሌዎቹ ለኛ የነገሩን እንዲህ ነው፤ እኔ ቆሜ አላየሁም።

ብዛቱን ጠየቅሽ። እሑድ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ «ማክዳራ!» ብለሽ ብትጣሪ ግማሹ ወንድ ይዞራል፤ ያልዞረው ጆሮው የከበደ ነው። በየቤቱ አንድ አለ። ለዚህ አይደል በአባትና በአያት የምንለያቸው፤ ማክዳራ የፓትሲ፣ ማክዳራ የማርቲን የቶም፣ ቀዩ ማክዳራ፣ ያ አንካሳው ማክዳራ። ጎልዌይ ስትደርሺ ስሙ ይሳሳል። ደብሊን ከገባሽማ የሰው ስም ነው ወይስ የመድኃኒት ይሉሻል። ይስቁበታል ወይ ላልሽው፣ እዚህ የሚሳቅበት ሌላ ስም ያለው ሰው ነው። አውስትራሊያን አላውቅም።

ሸራ የሚወርድለት ቅዱስ መሆኑንም ለባልሽ ንገሪው። ማንኛውም ጀልባ በደሴቷ ሲያልፍ ሸራውን ሦስት ጊዜ ዝቅ አድርጎ ሰላም ሳይል አያልፍም።

ግን ልጄ፣ ስም ሞልቷል እኮ። ቤርትሊ ምን ጎደለው? ማርቲንስ? አንቴም ቢሆን አጭርና ምቹ ስም ነው፤ አማትሽን ደስ ማሰኘት መልካም ነው። አባትሽ ደህና ነው። መልስ ያልጻፈልሽ ቁርጥማቱ ጣቶቹን አልታዘዝ ስላስባለው ነው። በርትተሽ ብዪ፤ አሁን የሁለት ሰው ሆድ ነው ያለሽ።

አክስትሽ፣
ባቢን

---

ፍሪማንትል
ኤፕሪል 14 ቀን 1987

ለአክስቴ ለባቢን፣

ሰላምታዬ ከነምስጋናዬ ይድረስዎ። ደብዳቤዎን ለሉካ እየተረጎምኩ ሳነብለት «የኦክ ልጅ» የሚለው ላይ ስንደርስ ከወንበሩ ተነሣ። የእኛ አገር ጀልባ አጽሙ ኦክ መሆኑን እሱ ያውቃል። «በቃ፣ ለአናጢ ልጅ ከዚህ የተሻለ ስም የለም» አለ። እናቱ እንኳ «ቅዱስ ከሆነማ...» ብለው ለዘብ ብለዋል። እንግዲህ የቀረው የአባባ ቃል ብቻ ነው።

አክስቴ፣ አንድ ነገር ግን አላስቀመጠኝም። በየቤቱ አንድ ማክዳራ አለ አሉኝ። ቁጭ ብዬ ከድልድዩ ጀምሬ እስከ ባሕሩ ጫፍ ቤቱን ሁሉ በልቤ ቆጠርኩ። የሌለበት የኛ ቤት ብቻ ነው። አጎቴ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ እኔ ተወለድኩ፤ ከኔ በኋላ ወንድ ልጅ ሲመጣ እንኳ ማርቲን ተባለ። የሞተ ወንድም ስም ሳይነሣ የሚቀርበት ቤት በካርና አለ?

ደግሞ ትዝ አለኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ ከአንዲት ልጅ ጋር በገመድ ዝላይ ተጣላንና «አባትሽ እኮ ዝቅ አላደረገም!» አለችኝ። እየሮጥኩ መጥቼ ለእርስዎ ነገርኩ። ድንች እየላጡ ነበር። ቢላዋውን አስቀምጠው «ከሷ ጋር ሁለተኛ እንዳትጫወቺ» አሉኝ፤ በቃ። ጁላይ 16፣ በቅዱሱ ቀን፣ አገሩ ሁሉ ወደ ደሴቷ ሲሄድ አባባ ሣር ሲያጭዱ ነው የማውቃቸው፤ ዝናብ እየወረደ እንኳ። ለምንድነው? ልጅ አይደለሁም፤ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ጣቶቻቸው አልታዘዝ ካሉ እርስዎ ይጻፉልኝ።

ሶርካ

---

ማይኒሽ
ሜይ 27 ቀን 1987

ልጄ ሶርካ፣

ሰላም ለቤትሽ ይሁን። ቆየሁብሽ። ከረግረጉ ለማገዶ የሚነደውን አፈር ስናወጣ ነበር ብዬ ልዋሽሽ አስቤ ነበር፤ ማገዶው ካለቀ ግን ሦስት ሳምንቱ ነው። ደብዳቤሽን ከሰዓቱ ጀርባ ሰክቼው ሳልፍ ሳገድም ያየኛል። ለአባትሽ አላነበብኩለትም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፤ ግን ከጠየቅሽ ከባዕድ አፍ ከምትሰሚው ከኔ ስሚው።

በ1951 በጋ ራውንድስቶን ላይ የጀልባ ውድድር ነበር። አባትሽ ኮልም ሠላሳ ዓመቱ ነው፣ ማክዳራ ዐሥራ ዘጠኝ። ማክዳራ ሳቂታ ነበር። ለቅሶ ቤት እንኳ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ከንፈሩን ነክሶ ነው የሚወጣው። ሁለቱ በአባታችን ጀልባ ሄዱ፤ አባትሽ መሪው ላይ፣ ማክዳራ የሸራው ገመድ ላይ። በደሴቷ ሲያልፉ ከኋላቸው አራት ጀልባዎች ነበሩ። አራቱም ሸራቸውን ሦስት ሦስት ጊዜ ዝቅ አደረጉ። የኛ ጀልባ ሸራዋን እንደወጠረች አለፈች። አራት ጀልባ ሙሉ ሰው በዓይኑ አየ። ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ንፋስ ተነሣና ገለበጣቸው። አባትሽን መቅዘፊያ ላይ ተጣብቆ አገኙት። ማክዳራን እስከ ዛሬ አላገኘነውም።

እናታችን በሩ ላይ ቆማ «ሸራውን ዝቅ አድርገሃል?» አለችው። «አላደረግኩም» አላት። «ለምን?» አለችው። ዝም። ቄሱ ጠየቁት፤ ዝም። ለማሸነፍ ብሎ ነው አለ ሰው። ምን ይበል ታዲያ? መሪውን የያዘ ነው የሚያዘው። እናታችን ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረች፤ ዘጠኙንም ዓመት አንድ ቀን በስሙ አልጠራችውም። «ያን ሰውዬ ብላ በሉት» ነበር የምትለው።

እኔም ልጄ፣ ልንገርሽ አይደል፣ ይቅር አላልኩትም። ምግቡን አቀርባለሁ፣ ሸሚዙን አጥባለሁ፣ እናትሽ ከሞተች ወዲህ ቤቱን እኔ ነኝ የያዝኩለት። ጀልባው ውስጥ ግን እግሬን አግብቼ አላውቅም። ሠላሳ ስድስት ዓመት። እሱም ደሴቷን ላለማየት በሩቁ ዞሮ ነው የሚሄደው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤ ይህን ስም ከቤታችን ያወጣው ግን አባትሽ ነው። አንቺ በጠዋት ተነሥተሽ «ማክዳራ ልበለው?» ብለሽ ስትጽፊለት ደብዳቤሽን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። እስከ ዛሬ እዚያው አለ፤ ሸሚዝ ሲቀይር አብሮ ይቀይረዋል። ይህን ሰው ደግመሽ አትጠይቂው። አንቴ በይው ልጁን።

ባቢን

---

ፍሪማንትል
ጁን 10 ቀን 1987

ለአክስቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አለቀስኩ፤ ከዚያ ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም። በአባባ ነው? በእርስዎ? ሠላሳ ስድስት ዓመት በአንድ ገበታ እየበሉ!

እባክዎ፣ ከዚህ በታች ያለውን ለአባባ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው። ሊወጡ ከተነሡ በሩ ላይ ቆመው ያንብቡላቸው።

አባባ፣ ሶርካ ነኝ። አክስቴ ሁሉን ነግረውኛል። ስለ ሸራው አልጠይቅዎትም። እኔ የማውቀው ትምህርት ቤት ድረስ በትከሻዎ የተሸከሙኝን ሰው ነው። ስለ ስሙ ግን መልስ እፈልጋለሁ። ሐኪሟ ከጁላይ ሃያ በኋላ በማንኛውም ቀን ብላለች። እምቢ ካሉ እምቢ ይበሉኝ፤ አንቴ እለዋለሁ፣ ቅር አይለኝም። እሺ ካሉ እሺ ይበሉኝ። ዝም ካሉኝ ግን ልጄ በእርስዎ ዝምታ ላይ ነው የሚወለደው፤ እሱን አልችልም።

ልጅዎ ሶርካ

---

ማይኒሽ
ጁላይ 17 ቀን 1987

ልጄ ሶርካ፣

የቅዱሱ በረከት ካለሽበት ይድረስ። ይህ ደብዳቤ ቃሉ የአባትሽ ነው፣ እጁ የኔ። ቁርጥማቱ መሪ ለመያዝ እሺ ይለዋል፣ እስክሪብቶ ለመያዝ እምቢ ይለዋል። ወደሱ ቃል ከመሄዴ በፊት ግን የትናንቱን ልንገርሽ።

ደብዳቤሽን ባለፈው ወር አነበብኩለት። እንዳልሽው በሩ ላይ ቆሜ። ሰማ፣ ሻዩን ጨረሰ፣ በጎኔ ሾልኮ ወጣ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ትንፍሽ የለ። ተስፋ ቆርጬ ነበር።

ትናንት በቅዱሱ ቀን እኔ እንደ ሁልጊዜው በጎረቤታችን በፓትሲ ጀልባ ወደ ደሴቷ ሄድኩ። አባትሽን ማጭዱን ሲስል ነው ትቼው የሄድኩት። ቅዳሴው አልቆ ሰው ሣሩ ላይ ተቀምጦ ዳቦውን ሲፈታ አንዲት ሴት «ያ የማን ሸራ ነው?» አለች። ቀና አልኩ። ያ የኛ ሸራ፣ ከታች በኩል እኔ ራሴ በነጭ ክር የጣፍኩት። ብቻውን ነበር። ንፋሱ ቀስ ያለ ስለሆነ መሪውን በገመድ አስሮ ወደ ምሰሶው ሄደ። ሸራው ዝቅ አለ። ወጣ። ዝቅ አለ። ወጣ። ሦስተኛውን ሲያወርድ ፓትሲ ቆቡን አወለቀ። አባትሽ ሳይወርድ ዞሮ ሄደ። እኔ ግትሯ በፓትሲ ጀልባ ተመለስኩ።

ዛሬ ጠዋት ወረቀት አምጪ አለኝ። ከዚህ በታች ያለው የሱ ነው።

ሶርካ ልጄ። ደህና ነሽ ወይ። እኔ ደህና ነኝ። ላሟ ደህና ናት።

(«ላሟን ተዋት» አልኩት። «ጻፊ» አለኝ። ጻፍኩ።)

በዚያን ቀን ደሴቷ አጠገብ ስንደርስ «ዝቅ አድርግ» አልኩት። ማክዳራ ገመዱን አስሮ እጁን ኪሱ ከተተ። «ሞክሼዬ ነው፤ ሞክሼ ለሞክሼው ቆብ አያወልቅም» አለኝ። ደገምኩለት። «አንደኛ ወጥተን ስንመለስ ስድስቴ አወርድለታለሁ» አለ። በጎናችን ድንጋዩ ነው፣ በኋላችን አራት ጀልባ፣ መሪውን ትቼ ወደ ገመዱ መሄድ አልችልም። እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቅሁ። አለፍን።

እዚህ ላይ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት ሶርካ። «እምቢ ያለው ማክዳራ ነው?» አልኩት።

«ገመዱ እሱ እጅ ነበር» አለኝ።

«እና ሠላሳ ስድስት ዓመት!»

«ሠላሳ ስድስት» አለ፣ ልክ ስንት ድንች እንደቀረ የጠየቅሁት ይመስል።

«እናታችን በስምህ ሳትጠራህ ሞተች እኮ! ምን ዓይነት ድንጋይ ነህ አንተ?» ብዬ ጮኽኩበት። ጎረቤት ሰምቶ ይሆናል፤ ይስማ።

«ስለሷ ነው ያልተናገርኩት» አለኝ። «ጻፊ።» እስክሪብቶውን አነሣሁ፤ ከዚህ ወዲያ ያለው እንደገና የሱ ነው።

እናቴን ምን ልበላት? ልጅሽ በቅዱሱ ስቆ ነው የሄደው ልበላት? መቃብር የለውም። ድንጋይ አልቆመለትም። የቀረው ስሙ ነው። እሱንም በየለቅሶ ቤቱ «ያ በቅዱሱ የሳቀው» እያሉ ሲያነሡት ልስማ? እኔ በሕይወት አለሁ፣ ጀርባዬ ይችላል። ለኔ ይሁን አልኩ።

የወሰደው ቅዱሱ አይደለም። ንፋስ ነው። ሃምሳ ዓመት ባሕር ላይ ነኝ፣ ንፋስ አውቃለሁ። ሳቀብኝ ብሎ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ የሚያሰጥም ቅዱስ ቢሆን ሸራ ዝቅ አላደርግለትም ነበር።

ስሙን በቤቴ ያላስጠራሁት ጠልቼው አይደለም። ገበታ ላይ ማክዳራ ብዬ ስጣራ ሌላ ሰው አቤት እንዲለኝ አልቻልኩም። ባቢን ስታነብልኝ ግን አሰብኩ። አውስትራሊያ ሩቅ ነው፣ እዚያ ስሙን የሚያውቀው የለም፣ ደህና አድርጎ ይጀምረዋል። ይህን ሁሉ የነገርኩሽ ልጁ ስሙን ከወረሰ ሙሉውን ይውረስ ብዬ ነው። ሳቁን ጭምር። ማክዳራ በሉት። ሴት ከሆነች እንደፈለጋችሁ።

አባትሽ ኮልም

ያለው ይኸው ነው። ካለ በኋላ ተነሥቶ ሻይ አፈላ። አባትሽ! ሻይ! አፍልቶልኝ አያውቅም። ውሃ ውሃ ይላል፤ ጠጣሁት። አንድ ጊዜ «ኮልም» አልኩት። «እ» አለኝ። በቃ።

ደብዳቤው ዛሬ ካልተላከ ከልጁ በኋላ ይደርሳል። የካርና ፖስታ መኪና ጠዋት አምልጦናል። ራውንድስቶን ያለው ከሰዓት በኋላ ነው የሚነሣው። «በጀልባ እንሂድ» አለኝ። ከዚህ ወደ ራውንድስቶን አጭሩ መንገድ በደሴቷ ሥር ነው የሚያልፈው፤ እኔም እሱም እናውቃለን።

«አንተ መሪውን ስትይዝ ገመዱን ማን ይይዛል?» አልኩት።

ቦት ጫማዬን ከበሩ ኋላ አምጥቶ ወንበሬ ሥር አስቀመጠው። ፖስታውን አሽጌ ልነሣ ነው። ሸራ ካወረድኩ ዘመን ሆኖኛል፣ እጄን ገመዱ ይልጠኝ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ነው፤ ቆጥሬ አወርደዋለሁ።

አክስትሽ፣
ባቢን